ከጉርሻ በኋላ፣ ገሱባ

ባለፈው እሁድ ከጸሎት ቤት መልስ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሻይ ስጠጣ ትን አለኝ። ምንም አይደለም፤ ማንም ሰው ትን ይለዋል። ጥቂት ሳልኩ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ አለፈ። ልጄ ቤተል ግን እጇን በሽርጧ እየጠረገች ከወጥ ቤት ወጣችና ብርጭቆውን ከእጄ ወሰደችው። ከዚያ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብላ አፌን አፌን እያየች፣

«እማዬ፣ እስቲ ገሱባ በይ» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። እኔን? ይህን ነገር ከራሴ አውጥቼ ያስተማርኳትን እኔን? ያ ደም ግፊት የሚሉት አምና ግራ እጄን ካደነዘዘውና ከንፈሬን ወደ ጎን ትንሽ ከሳበው ወዲህ፣ እዚህ ቤት እንደ እንቁላል ነው የምያዘው። አልልም አልኳት። ሻዬን መልሺ አልኳት። አልመለሰችም። እኔም ተነሥቼ ክፍሌ ገባሁና በሩን ትንሽ ጠንከር አድርጌ ዘጋሁት።

የማያውቀን ሰው ቢሰማ ሁለታችንንም እብድ ነበር የሚለን። ሻይ ትን ያላት ሴት የከተማ ስም ብትጠራ ምን ይረባታል? ይረባታል። እንዴት እንደሚረባት ለማስረዳት አባቴ ዘንድ መመለስ አለብኝ።

ወላይታ ገና በሰሜን ኦሞ ዞን ስር ነበረች፤ ለአንዲት ማኅተም አርባ ምንጭ ድረስ የሚኬድበት ጊዜ። አባቴ ቶማ በሶዶ መናኸሪያ መኪና ሞልቶ የሚሸኝ፣ ተሳፋሪ የሚጠራ ሰው ነበር። ቶማ ጥሩንባ ይሉታል። ጥሩንባ ግን ይዞ አያውቅም፤ ያለችው ጉሮሮው ብቻ ነበረች። ጠዋት ዳሞታ ተራራ ጉሙን ሳያራግፍ ጀምሮ ያቺን ጉሮሮ ይከፍታታል። አረካን ሲጠራ ቶሎ ይጨርሳል። ቦምቤን ሲጠራ የተቆጣ ይመስላል። ገሱባ ላይ ሲደርስ ግን ይስበዋል፣ ያስረዝመዋል፣ ምክንያቱም የተወለደው እዚያ ነው። «ገሱባ! አንድ ሰው የቀረው ገሱባ!» ይላል፤ አይሱዙው ባዶውን ቆሞ። ውሸት መሆኑን የማያውቅ አልነበረም። ሰው ግን እቃውን አንጠልጥሎ ይሮጥ ነበር፤ ድምፁ እንደዚያ ነበረ።

ቤታችን ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ስለነበር እናቴ ሰዓት የምታውቀው በእሱ ነው። የመጨረሻው የገሱባ ጥሪ ሲሰማ ቆጮውን ከእሳት ታወርዳለች። ዳጣው ተፈጭቶ ይጠብቃል። ያ ድምፅ እኛ ቤት ሰዓትም ደወልም ነበር።

እኔ ያኔ አሥራ ሁለተኛ ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ቤት የዋልኩ ልጅ ነበርኩ። ውጤት ያልመጣላት ልጅ ደግሞ አንገቷን ደፍታ መሄድ ነበረባት መሰለኝ። እኔ አልደፋሁም፤ ስለዚህ ምላሷ ረዘመ ተባልኩ። ይባል፤ ረዝሞም ነበር።

አባቴ የወደቀው በሰኔ ነው፣ ዝናቡ በያዘው ጠዋት፣ ተሳፋሪ እየጠራ። የመናኸሪያ ልጆች ተሸክመው አመጡት። ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለ፣ ፊቱ ወደ አንድ ወገን ዞረ። ሐኪም ቤት ጥቂት ተኝቶ ሲወጣ ንግግሩ ዝግ ያለ ቢሆንም ይሰማ ነበር፤ አእምሮው ደግሞ ንጹሕ ነው። ይነሣል ብለን አመንን። ነገሩ ከባድ የሆነው ቤት ከገባ በኋላ ነው።

እኛ አገር የታመመ ሰው ባዶ እጅ አይጠየቅም፤ ይዞ መምጣት ብቻም አይበቃም። ከእጅህ ካልቀመሰ ጠይቀኸዋል አይባልም። ሙቹዋ የሚባለው የእንሰት ምግብ በቅቤ ታሽቶ ይመጣል፣ ጎደሬ ተቀቅሎ ይመጣል፣ ወተት በቅል ይመጣል። ሰው ሁሉ ጎንበስ ይልና አባቴን ትራስ ላይ እንደተንጋለለ ያጎርሰዋል። እናቴም እንደዚያው፤ ገንፎውን እያድበለበለች፣ «ይብላ እንጂ፣ የበላ አቅም ያገኛል» እያለች። አባቴ ደግሞ ሰው ማሳዘን የማይችል ሰው ነበር። ለመጣው ሁሉ አፉን ይከፍት ነበር።

ትኩሳት መጣ። ወባ ነው ተባለ፤ ሶዶ ላይ በዚያ ወር ወባ የማይባል ትኩሳት የለም። ኪኒኑን ዋጠ፣ በረደለት፣ ተደሰትን፣ አበላነው። ተመልሶ መጣ። አሁንስ ብርድ ነው ተባለ። ነጭ ሽንኩርት በማር ሆነ፣ ዳማከሴ ታሸለት፣ በጋቢ ላይ ጋቢ ተደረበለት። በረደለት፣ አበላነው፣ ተመለሰ። ትኩሳቱ ሲበርድ እኛ እንደሰታለን፤ ስንደሰት እናበላለን። ክረምቱን እንዲህ እየተሽከረከርን አጋመስነው።

ጠዋት ጠዋት እናቴ በሩን ስትከፍት ከላይ የመናኸሪያው ጩኸት ይገባል። እሱን ተክቶ የሚጠራ ሌላ ሰው ነበር፤ አባቴ ያንን ሰው እየሰማ ይናደድ ነበር፣ «ገሱባን እንዲህ ይጠሩታል?» እያለ። አንዳንዴም ተኝቶ እሱም ቀስ አድርጎ ይጠራል። ድምፁ ቀጥኖ ነበር፤ ግን ደረቅ ነው፣ ጥርት ያለ። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ለማሳቅ ብዬ እስቲ ጥራ አልኩት። ጠራ። ከጉሮሮው ስር የሆነ ነገር የሚፍለቀለቅ መሰለኝ፤ ስሙ ውሃ ውስጥ ሆኖ የተጠራ ያህል ነበር። ሳቄ ቆመ። በማግስቱ ወተት ከመጠጣቱ በፊት አስጠራሁት፤ ደረቅ። ከወተቱ በኋላ አስጠራሁት፤ እርጥብ። ማታውን ሰውነቱ ተኮሰ።

የሚገርመው አብዛኛውን ጊዜ አይስልም ነበር። ሌላው ሰው ትን ሲለው እሳት ጎርሶ እንደሆነ ሁሉ ይንፈራገጣል። እሱ ጉሮሮው እንኳ ደክሞ ስለነበር እህል በተሳሳተ በር ሲገባበት ዝም ነው። አንዳንዴ ዓይኑ ብቻ እንባ ያቀራል፤ ሰውም በፍቅር አለቀሰ ይላል።

ለእናቴ ነገርኳት። ሲርበው ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲጠግብ ይወፍራል አለችኝ። ለጠያቂዎች ነገርኩ፤ ሳቁ። አንዷ ጎረቤታችንማ ማትሪክ ብታልፍ ኖሮ ዶክተር ልትሆንብን ነበር አለች፣ እኔው ፊት። መልሴን እዚህ አልጽፈውም።

ነሐሴ ላይ አንድ ጠዋት በሩ ተከፍቶ፣ ጥሪው ገብቶ፣ እሱ አልተናደደም። ቀና ብዬ አየሁት። ትንፋሹ የሮጠ ሰው ትንፋሽ ነው። አፍንጫው ይከፈት ይዘጋል፤ በያንዳንዱ ትንፋሽ የጎድን አጥንቱ መሃል ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ከንፈሩ ጠቁሯል። ስጠራው ዓይኑን ይገልጥና መልሶ ይከድናል። የተፋው አክታ ይሸት ነበር፤ የከረመ እህል ሽታ። እናቴ ትኩስ አጥሚት ይዛ መጣች። ሳህኑን ከእጇ ነጠቅኳትና ወደ ውጭ ደፋሁት። በሕይወቴ እናቴ ላይ እንደዚያ አድርጌ አላውቅም። አልጸጸትበትም።

ወደ መናኸሪያ ሮጬ ጓደኞቹን ጠራሁ። አንድ ሚኒባስ በአረካ መንገድ ወስዶን፣ ጭቃው መኪና ከማያሳልፍበት ላይ አውርዶን፣ ከዚያ በቃሬዛ ተሸክመው ዱቦ ሆስፒታል አደረሱት። ዝናቡ አላባራም። እኔ ከቃሬዛው ጎን እየሄድኩ ጭንቅላቱን በእጄ ደግፌ ቀና አድርጌ ያዝኩት። ሲንጋለል እንደሚያንቀው ማንም አልነገረኝም፤ እያየሁት ነበር።

ዱቦ የተቀበለችን ነርስ የቦምቤ ልጅ ነበረች፤ ሲስተር ነው የምንላት። ደረቱን አዳመጠች፣ ሐኪሙን ጠራች፣ ኦክስጅን ተደረገለት፣ መርፌ ተጀመረ። ሲረጋጋ ሲስተር ወደ እኛ ዞራ በወላይትኛ ምግቡን እንዴት ነው የሚበላው አለች። እናቴ ልቧ ሞልቶ፣ «ተመስገን፣ ብዙ ይበላል» አለቻት።

«ከበላ በኋላ ድምፁ ይረጥባል» አልኩ እኔ።

ሲስተር መጻፏን አቆመች። ምን አልሽ? አለች። ነገርኳት፤ ጠዋት ደረቅ፣ ከወተት በኋላ እርጥብ፣ ማታ ትኩሳት። ተንጋሎ እንደሚጎርስም፣ ውሃ ሲጠጣ ዓይኑ እንባ እንደሚያቀርም። እሷ አልሳቀችም። በዚያ ክረምት ሁሉ ያልሳቀችብኝ እሷ ብቻ ነበረች። ሐኪሙን መልሳ ጠራችና ያልኩትን አስደገመችኝ። እሱም ራጁን ብርሃን ላይ ሰቅሎ የቀኝ ሳንባውን ስር አሳየን፤ እዚያ ጭጋግ ነበር።

የሳንባ ምች ነው አለን፣ ግን ብርድ ያመጣው አይደለም። ሕመሙ የመዋጫ ጡንቻውን ስላደከመው የሚበላውና የሚጠጣው ሁሉ ትንሽ ትንሹ በአየር ቧንቧው በኩል ሳንባው ውስጥ እየወረደ እዚያው ይበሰብሳል። ወባም ቢታከም፣ በጋቢም ቢሸፈን ይመለሳል፤ ምክንያቱም በየቀኑ እየጨመርንበት ነበር። እናቴ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። እኔ ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ እንኳ አላውቅም፤ በፍቅሩ ነው መሰለኝ፣ በዚያ ሁሉ ቅቤ።

ዳነ። አልጋው ላይ ቀና ብሎ መቀመጥ ሲችል ሲስተር አበላሉን አስተማረችን። ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። አገጩን ወደ ደረቱ ዝቅ አድርጎ ይውጣል። ጉርሻው የጥፍር ያህል ይሁን፤ የፊተኛው ሳይዋጥ ሌላ አይጨመርም። እየበላ አያወራም፣ በልቶም ቶሎ አይተኛም። አፉ በደንብ ይታጠባል። ከሁሉ የሚያስፈራው ቀጭን ነገር ነው አለች፤ ውሃ፣ ሻይ፣ ወተት። ወፈር አድርጉለት። በምን እናወፍረው ስትል እናቴ ጠየቀች። ሲስተር ቡላ የላችሁም? አለቻት። እናቴ ዱቦ ከገባን ወዲህ ያን ቀን ነው የሳቀችው። ወላይታ ቤት ቡላ ይጠፋል?

የጥሪው ነገር ግን የኔ ነው። ማንም አላስተማረኝም። ከጉርሻ በኋላ «ገሱባ በል፣ አባባ» እለዋለሁ። ይጠራል። ደረቅ ከሆነ ይቀጥላል። እርጥብ ከሆነ እንዲስል አደርገዋለሁ፣ ደግሞ ይውጣል፣ እንደገና ይጠራል። ካልደረቀ ምግቡ ይነሣል፤ እናቴ ብታለቅስም ይነሣል። በመጀመሪያ አፍሮ ነበር። በኋላ ግን ወደደው። ደረቅ ሲወጣለት ራሱ ይቀጥልበታል፤ «አንድ ሰው የቀረው!» ብሎ።

ሰፈሩ ግን አልወደደውም። የታመመ ሰው ላይ ትቀልዳለች አሉ። አባቷን እንደ በቀቀን ታስለፈልፋለች፣ ጠያቂ ትመልሳለች፣ የመጣውን ሙቹዋ ተቀብላ ለእሱ ሳታስቀምስ ጓዳ ታስገባለች፣ በረሃብ ልትገድለው ነው። በር ላይ እቆማለሁ። ግቡ፣ ተቀመጡ፣ ጸልዩለት፣ አጫውቱት፤ አጉርሱት ግን አትችሉም። እንደዚያ ነበር የምለው፣ ለትልቁም ለትንሹም። አንዳንዱ ይዞት የመጣውን ይዞ ይመለሳል። ይመለስ። እኔ የሰው ቅያሜ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ሲበሰብስ አላየሁም።

ከዚያ መስቀል መጣ።

ጊፋታችን፣ ያ ከመስቀል ጋር የሚውለው አዲስ ዓመታችን፣ ከምንም ነገር ጋር የሚመሳሰል አይደለም። ዝናቡ ወጥቶ ሜዳው በአደይ ሲሸፈን፣ ለዓመት የተጠራቀመው ቅቤ ሲወርድ፣ በሬው ታርዶ ሥጋው በኮባ ቅጠል ላይ ሲደረደር፣ የተበተነ ዘመድ ሁሉ ይሰበሰባል። በአባቴ ቤተሰብ ደግሞ አንድ ነገር አለ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ታላቅ ወንድም ለታናናሾቹ በእጁ ያጎርሳል። አያቴ ከሞቱ ጀምሮ ይህ የጋሼ ጋንታ ፋንታ ነበር፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም። ገሱባ ያሉ ገበሬ፣ ረጅም፣ በነገር የማይመለሱ፣ ሸንጎ ላይ ሲናገሩ ሰው ጉሮሮውን የማይጠርግባቸው። ያ ጉርሻ ካልተጎረሰ ዓመቱ አልተሻገረም። ያን ዓመት አባቴ መሄድ ስላልቻለ እሳቸው ከነቤተሰባቸው ወደ ሶዶ መጡ።

ቤቱ ሞላ። አባቴን ወንበር ላይ ቀጥ አድርጌ አስቀመጥኩት። ጋሼ ጋንታ ጸለዩ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ከሙቹዋው ቆርሰው በቅቤ ነከሩ፣ ከጥሬ ሥጋው ጨመሩበት። እጃቸው ትልቅ ነው፤ ጉርሻውም የእጃቸውን ያህል። ወደ አባቴ ሄዱ። ዘመድ ሁሉ በደስታ ያያል። ከሳምንት በፊት አስቀድሜ መልእክት ልኬላቸው ነበር፣ አባባ እንደ ድሮው መጉረስ አይችልም ብዬ። የልጅ ወሬ ነው ብለው ትተውታል።

አባቴ አፉን ከፈተ።

ይህን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ፈልጎት ነበር። የወንድሙን እጅ እያየ፣ ዓይኑ በርቶ፣ አንገቱን ወደ ኋላ አድርጎ እንደ ልጅ አፉን ከፈተ። እኔ ተነሥቼ የጋሼ ጋንታን አንጓ ያዝኩ። የጠየቅኩ እንዳይመስላችሁ፤ ያዝኩ። ቅቤው በጣቶቻቸው መሃል ወርዶ እጅጌዬ ውስጥ ገባ።

«የወንድሜ አፍ ያንቺ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?» አሉኝ ዝግ ብለው።

«ከዱቦ ወዲህ ነው፣ ጋሼ» አልኩ።

አልለቀቅኩም። እናቴ ስሜን ስትጠራ ሰማሁ፤ ዘነበች፣ ዘነበች። አባቴ አፉን ቀስ አድርጎ ዘጋ። ጋሼ ጋንታ ጉርሻውን ኮባው ላይ አስቀመጡት፤ አልጣሉትም፣ አስቀመጡት፣ ያ ነው የባሰው። ጋቢያቸውን አጣፉና ሳይበሉ ተነሡ። በሩ ላይ ዞር ብለው የምመለሰው ለቀብሩ ነው አሉ። የመጡት ዘመዶች ተከተሏቸው። በመስቀል ቀን ሰው ሳይበላ ከቤት ሲወጣ አይታችሁ ካላወቃችሁ ልነግራችሁ አልችልም። ሥጋው ኮባው ላይ እንደተደረደረ ቀረ፣ ዝንብ ወረደበት።

ከዚያ በኋላ ሽማግሌ ተላከብኝ። ገሱባ ድረስ ሄጄ እግራቸው ላይ እንድወድቅ። ማሩኝ ብዬ፣ በድያለሁ ብዬ። በምን? አልኩ። አባቴን በሕይወት ስላቆየሁ ይቅርታ አልጠይቅም አልኩ። ቤተ ክርስቲያን የሚያስተምሩኝ ሳይቀሩ ትዕቢት ነው አሉኝ። እሺ፣ ትዕቢት ይሁን። እናቴ ሰው የሚረግጠው ቤት አልቀረንም እያለች ታነባ ነበር፤ እሷን ማየት ነው የከበደኝ።

ከሁሉ የከፋኝ ግን አባቴ ነው። አኮረፈኝ። ይበላል፤ ቀጥ ብሎ፣ አገጩን ዝቅ አድርጎ፣ ሁሉን እንደተባለው። ገሱባ በል ስለው ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ልመና አልቀረኝም። ስላልጠራልኝ ከምግብ በኋላ ጆሮዬን ደረቱ ላይ እለጥፍ ነበር። አንድ ቀን እንደዚያ ተለጥፌ ሳለሁ ድምፁ ከጆሮዬ ስር ተነሣ፤ «ቦምቤ!» አለ። ደረቅ፣ ቁጡ። ሆን ብሎ ነው። ገሱባን ነፍጎኝ ቦምቤን ወረወረልኝ። ሳቅኩ፣ እሱም ላለመሳቅ ሲታገል ደረቱ ከጆሮዬ ስር ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቦምቤ ሆነ። ለኔ ምን ቸገረኝ፤ እርጥበቱን ለመስማት ቦምቤም ይበቃል።

ኅዳር ላይ፣ ቡላውን በልቶ ጨርሶ፣ እስቲ ሳልለው «ገሱባ» አለ። ቀጥሎ፣ «ውሰጂኝ» አለኝ።

የመናኸሪያ ልጆች አይሱዙው ጋቢና ውስጥ አስቀመጡት። ደግፈን ስናሳፍረው ተሳፋሪው ሁሉ ቆሞ ያይ ነበር። መንገዱ ያው ነበር፣ ድንጋይና ጉድጓድ፤ ሾፌሩ ለእሱ ሲል እያዘገመ ሄደ። በግራ በቀኝ ጤፉ ቢጫ ሆኗል፣ እንሰቱ ከየጓሮው ብቅ ብቅ ይላል። አባቴ በመስኮት ያን ሁሉ ያያል። እኔ ጉልበቴ ላይ የቡላ ዕቃዬን አቅፌ፣ ለጋሼ ጋንታ የምመልሰውን እያሰላሰልኩ ነበር። አልፈራሁም ብል ግን ዋሸሁ።

ግቢያቸው በር ላይ መኪናው ሲቆም መጀመሪያ የወረድኩት እኔ ነኝ። የጋሼ ጋንታ ሚስት ብቻዬን ስታየኝ እጇን አናቷ ላይ አድርጋ ልታለቅስ አፏን ከፈተች። መርዶ ነጋሪ መሰልኳት። ጋሼ ጋንታም ከጓሮ ወጥተው ባሉበት ደርቀው ቆሙ። እስከ ጥቅምት መጨረሻ አይቆይም ብለው ለአገሩ ሁሉ ተናግረው ነበርና። ከዚያ የአባቴ እግር ከጋቢናው ወረደ። ቀጥሎ ዱላው፣ ቀጥሎ እሱ።

ጋሼ ጋንታ ቀርበው ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ክንዱን ያዝ አድርገው ሥጋውን መዘኑት። «ወፍረሃል» አሉት። ይህን ሲሉ ወደ እኔ አላዩም።

ቤት ገባን፣ ምግብ ቀረበ። ጋሼ ጋንታ እጃቸውን ታጠቡ፤ ትልቅ እጃቸውን፣ እስከ ክንዳቸው። ከዚያ ወንበራቸውን አባቴ ፊት አድርገው ተቀመጡና፣ አሁንም ሳያዩኝ፣

«አሳዪኝ» አሉ።

አሳየኋቸው። እንዳይንጋለል፣ አገጩ ዝቅ እንዲል። ከቡላው የጥፍር ያህል። እሳቸው በሁለት ጣታቸው ቆነጠሩት፤ እነዚያ ጣቶች ከዚያ በፊት እንደዚያ ያለች ትንሽ ነገር ይዘው የሚያውቁ አይመስለኝም። አጎረሱት። አባቴ አገጩን ደፍቶ ዋጠ፣ ደግሞ ዋጠ። እኔ ጥራ ልለው አፌን ስከፍት ጋሼ ጋንታ በእጃቸው አስቆሙኝ።

«ቶማ፣ ጥራ» አሉት።

አባቴ አየኝ፣ ወንድሙን አየ፣ ደረቱን ነፋ። የት እንዳለ አልረሳም፤ ገሱባ ላይ ሆኖ ገሱባ አይጠራም። «ሶዶ! አንድ ሰው የቀረው ሶዶ!» ብሎ ለቀቀው። ደረቅ። እንደ ጥንቱ ሙሉ ባይሆንም ግቢውን አልፎ ወጣ። ከጎረቤት የሆነ ሰው በወላይትኛ መኪናው ቁሞልኛል? ብሎ ሲጠይቅ ተሰማ። ጋሼ ጋንታ ሳቁ፣ ከዚያ ሳቃቸው ተሰበረና በጋቢያቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። «ሎኦ» አሉ፤ ጥሩ ማለታቸው ነው። ቆንጥረውም ሁለተኛውን አጎረሱት።

እሳቸው ይቅርታ አልጠየቁኝም። እኔም አልጠየቅኳቸውም። በቀጣዩ መስቀል ግን ከዘመድ መሃል አንዱ በእጁ ሙሉ ጉርሻ ይዞ ወደ አባቴ ሲጠጋ አንጓውን የያዙት እሳቸው ናቸው።

አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙ መስቀል በላ። ዞናችን ወላይታ ተብሎ ሲወጣም ነበር። መናኸሪያው ደጃፍ ወንበር ወጥቶለት፣ ተተኪውን ገሱባን እንዴት እንደሚጠራ ሲያርመው ኖረ። ሲሞትም ልቡ ነው የቆመው። ሳንባው ደረቅ ነበር። ይህን ለማንም ሰው ቀና ብዬ እናገራለሁ።

እንግዲህ ባለፈው እሁድ በሩን ዘግቼ አልጋዬ ላይ የተቀመጥኩት ይህን ሁሉ ይዤ ነው። ሰው ሌላውን መጠበቅና ራሱ መጠበቅ ለየቅል ነው። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር የነበረው ለምን እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ። እኔም ግድግዳ እያየሁ ነበር። በሩ ስር የቤተል ጥላ ይታያል፤ አልሄደችም። አታንኳኳም፣ አትለምነኝም፤ ቆማለች። ከማን እንደወጣች አውቃለሁ።

ተነሥቼ በሩን ከፈትኩት። አንገቴን ቀና አድርጌ፣ እልህ በያዘው ድምፅ፣ «ገሱባ!» አልኳት።

እርጥብ ነበር።

ሁለታችንም ሰማነው። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር አለፈ፤ ግን ዓይኗን አልሰበረችም፣ እኔም አልሰበርኩም። በደንብ ሳልኩ፣ ከሆዴ። ዋጥኩ። ደግሜ ዋጥኩ። ሻዩን መልሺ አላልኳትም፤ በቡላ አወፍራ ታምጣው። ከዚያ ክራንቼን ይዤ በረንዳው ድረስ ወጣሁ፣ መንገዱ ወደሚታይበት፣ አባቴ እንደሚያደርገው ደረቴን ነፋሁና ስቤ፣ አስረዝሜ ጠራሁት። አንድ የባጃጅ ልጅ ፍሬን ያዘና ገሱባ የሚሄደው ማን ነው ብሎ ቀና አለ።

ቤተል ሳቀች። ደረቅ ነው አለችኝ።